ቀድሞ ወርዷል ያልኩት ሰው

ሰው መንፈስ አየሁ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው አምፖሉ ስንት ዋት ነበር ብዬ ነው። ለመቀለድ አይደለም፣ ሳን ሆዜ ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የድምፅ መሣሪያውን አራት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ማንም አላስተማረኝም፣ ቪዲዮ እያየሁ፣ ኬብል እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የለመድኩት፣ እና አንድ እሑድ በጸሎት መሐል ከስፒከሩ የማይታወቅ የወንድ ድምፅ ወጥቶ ጉባኤው በሙሉ ቆሞ ሲገሥጽ፣ እኔ ጠረጴዛው ሥር ገብቼ ፕላስቲኳ የተላጠ አንዲት ሽቦ አገኘሁ። ድምፁ ከመንገዱ ማዶ ግንባታ ላይ የነበረ ሠራተኛ ሬዲዮ ነው። ሽቦዋን በቴፕ ስጠቀልላት ጋኔኑ ወጣ። እማዬ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ነገር እንደዚያች ሽቦ አድርጌ ፈልጌዋለሁ። አምስት ሳምንት ሆነኝ። አንዳንዱን አግኝቻለሁ፣ ሁሉን ግን አላገኘሁም፣ ያገኘሁትንም ያላገኘሁትንም ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

የምማርበት ዩኒቨርሲቲ ከሳን ሆዜ ተራራውን ተሻግሮ ባሕሩ ዳር ነው፣ ስሙን ተዉት። ፎቶውን ያየ ሁሉ ታድለህ ይለኛል። ከቤተ መጻሕፍቱ መስኮት ውሃው ይታያል፣ ልጆቹ ሣር ላይ ተንጋልለው ያጠናሉ፣ ፈተና የምንፈተነው የባሕር አንበሶች ሲጮሁ እየሰማን ነው። እኔ ግን ያንን ውበት የማየው ከአውቶብስ መስኮት ነው፣ ጠዋት አስራ አንድ ደቂቃ፣ ማታ አስራ አንድ ደቂቃ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከውበቱ ሥር ነኝ።

ሥር ስል በእውነት ሥር ነው። ላቦራቶሪያችን ገደል አናት ላይ ሆኖ ለዓሣዎቹና ለቀንድ አውጣዎቹ የባሕር ውሃ ይስባል፣ የሚስበው ፓምፕ ያለው ግን ስልሳ አንድ ደረጃ ወርዳችሁ፣ ገደሉ ውስጥ በተፈለፈለ የኮንክሪት ክፍል ነው፣ አራት ሜትር በሦስት፣ መስኮት የለውም። ሁለት በር አለው። አንዱ ወደ ደረጃው የሚያወጣ የብረት በር ነው፣ ከተዘጋ የሚከፈተው ላይኛው ቢሮ ዴስኩ ላይ ያለው ሰው ቁልፍ ሲጫን ነው፣ ወይም ከውስጥ የአደጋ ጊዜ ዘንጉን ከገፋችሁ፣ እሱን ከገፋችሁ ግን አላርም ይጮሃል፣ የእሳት አደጋ መኪና ይመጣል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ሁለተኛው ደረቴ ድረስ የሚመጣ፣ ወደ ባሕሩ ድንጋይ የሚያወጣ ትንሽ የብረት በር ነው፣ ከውስጥ በወፍራም መቀርቀሪያ ይቆለፋል። ማዕበል ገብቶ ደረጃውን እንዳይወጣ ሁለቱ በሮች አንድ ላይ አይከፈቱም። እንግዲህ ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

የማይጣሰው ደንብ ማንም ብቻውን አይወርድም የሚለው ነው። ሁለት ሰው ላይኛው ቢሮ ያለው መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ ሁለት ሬዲዮ ይወስዳል፣ በየሃያ ደቂቃው ከላይ ሁለቱም በየስማቸው ይጠራሉ፣ ሁለቱም ይመልሳሉ።

የኔ ጓደኛ ሳምሪ ነበረች፣ የኦክላንድ ልጅ፣ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛ ከምታወራው የበለጠ የምትሰማ። እሷ ቁጥሩን ታነብባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፣ የውሃውን ሙቀት፣ ጨዋማነቱን፣ ማጣሪያው የያዘውን። የመመረቂያ ሥራዬ ያ ነው፣ አስራ ሁለት ሳምንት ሳይቋረጥ የተመዘገበ ውሃ። አስራ አንዱን ጨርሼ ነበር። አንድ ሐሙስ ከተዘለለ ደግሞ ከአንድ ተብሎ ይጀመራል፣ ምረቃውም ያልፋል ማለት ነው።

የስሜን ነገር ደግሞ መንገር አለብኝ። ስሜ ኤርምያስ ነው፣ የአባቴ ስም ደምሴ። እዚህ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርጉታል፣ ባጄ ላይ ደምሴ በትልቁ፣ ኤርምያስ በትንሹ ተጽፏል፣ ዴስኩ ላይ የምትሠራው ዶና እስከ ዛሬ «ዴምሲ» ነው የምትለኝ፣ አላረምኳትም፣ ዝምተኛ ሰው ነኝ። አባቴ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከኮምቦልቻ ተነስቶ በጅቡቲ በኩል ወደ የመን በጀልባ ሊሻገር ሄደ፣ ኦቦክ ደርሻለሁ ብሎ አንድ ጊዜ ደወለ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም። አስከሬን ስላልመጣ ለቅሶ አልተቀመጥንም። እማዬ ዲቪ ሲደርሳት ባል አለሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት ሦስት ምስክር አቁማ ሞቷል የሚል ወረቀት ከፍርድ ቤት አወጣች፣ ከዚያ በኋላ ስሙን ቤታችን ውስጥ አንድም ቀን አልጠራችውም። በዚህ አገር ስሙን የሚጠራው የማያውቀው ሰው ሁሉ ነው፣ የሚጠራበትም እኔን ነው።

ያን ሐሙስ ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ አልተነሳም። ሰዓቱን በሀገር ቤት አቆጣጠር ልንገራችሁ፣ ባሕሩ በጣም የሚሸሸው ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ነበር፣ አስራ አንድ ላይ ውሃው ተመልሶ ትንሿን በር ይመታል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳምሪ ደወለች።

«ኤርሚ፣ ሶ ሶሪ፣ ተራራው ላይ ቆሜያለሁ፣ ትራክ ተገልብጦ መንገዱ ዝግ ነው፣ ሰው ሁሉ ሞተር አጥፍቷል።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አይ ዶንት ኖው። አንድ ሰዓት? ጠብቀኝ።»

«ባሕሩ አይጠብቅም።»

«ፕሊዝ፣ እንደ ፓስተር አታውራ» ብላ ሳቀች፣ ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ዶና ያን ቀን አልነበረችም፣ አሟት በእሷ ቦታ ግሌን የሚባል ከሌላ ሕንፃ የመጣ ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር፣ አያውቀኝም። መዝገቡን ገፋልኝ። መዝገቡ የሚጠይቀው አንድ ስም ብቻ ነው፣ ሰው ሁሉ አንዳንድ ስም ነው የሚጽፈው፣ እኔም መስመር አስራ አራት ላይ ኤርምያስ ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ እጄ ሳይነሳ መስመር አስራ አምስት ላይ ደምሴ ብዬ ጻፍኩ፣ ሌላ ፊርማ ፈረምኩ። እመኑኝ፣ አስቤበት የመጣሁት አይደለም። ሁለት ስም አለኝ፣ ሁለቱም ባጄ ላይ ያሉ ናቸው፣ እንዲያውም አልዋሸሁም አልኩ ለራሴ።

«ሌላኛውስ?» አለ ግሌን፣ ከስልኩ ቀና ሳይል።

«ቀድሞ ወርዷል። ሬዲዮውን እኔ አደርስለታለሁ።»

ይሄኛው ግን ውሸት ነው።

ዘጠኝ ከአርባ ላይ ታች ወረድኩ፣ በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፣ ቦቲ አደረግሁ። የመጀመሪያው ጥሪ ሲመጣ በአንድ ቁጥር ሬዲዮ «አለሁ» አልኩ፣ ሁለት ቁጥሩን አንስቼ ድምፄን አወፍሬ ደግሜ «አለሁ» አልኩ፣ «ጉንፋን ይዞሃል ደምሴ?» አለ ግሌን። ሁለት ሬዲዮ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከበራ ግን አንዱ የሌላውን ድምፅ እየያዘ ያፏጫል፣ ይህን ማንም ድምፅ የሚሠራ ሰው ያውቀዋል፣ ስለዚህ ሁለት ቁጥሩን አጠፋሁትና ከደረጃው በር አጠገብ ያለች ምስማር ላይ ሰቀልኩት። ሲጠራ አበራዋለሁ ብዬ ነው። መዞሪያው ሲጠፋ ቀጭ ይላል፣ ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ።

ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ እጆቼ እስከ ክርን ማጣሪያው ባልዲ ውስጥ ነበሩ። ደረቴ ላይ ያለውን ሬዲዮ በአገጬ ተጭኜ መለስኩ። «ደምሴ?» አለ ግሌን፣ ጓንቴን ለማውለቅ ስታገል ሁለት ሰከንድ ያህል አለፈ፣ «እሺ ደምሴ፣ ጥሩ ነው» አለ። ምንም አልሰማሁም። ሁለቱም ሬዲዮ በአንድ መስመር ላይ ነው፣ አንድ ሰው ቢመልስ የኔው ደረት ላይ ይሰማ ነበር። ግሌን ስልኩን እያየ ነው፣ ሳይሰማ ነው ያለፈው፣ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ፣ እናንተም ብትሆኑ እንደዚያው ነው የምትሉት።

ቁጥሩን ሳነብ ድምፄን አወጣለሁ፣ የሳምሪ ልማድ ነው የተጋባብኝ። «አስራ ሁለት ነጥብ አራት» አልኩ፣ ጓንቴን አወለቅሁ፣ እጄን ጠረግሁ፣ ወደ ወረቀቱ ሄድኩ፣ ተጽፏል። 12.4። እኔ አራትን ስጽፍ አናቱን ክፍት እተወዋለሁ፣ ይሄኛው እንደ ማተሚያ ፊደል የተዘጋ ነበር። ምናልባት አስቀድሜ ጽፌው ረስቼ ይሆናል። ምናልባት እጄ ስለበረደኝ እንደዚያ ወጥቶ ይሆናል። ያን ወረቀት አሁንም ይዤዋለሁ፣ በአስራ አንዱ ሳምንት ወረቀቶች ላይ ያሉትን አራቶች አንድ በአንድ አይቻለሁ፣ የተዘጋ የለም።

ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ ሥራው አልቆ ነበር። «አለሁ፣ ጨርሰናል፣ በሩን ክፈትልን» አልኩ።

«ደምሴ?» አለ ግሌን። ደረቴ ላይ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ሳቀ። «ቀስ በል፣ ቀስ በል። በእንግሊዝኛ።»

«ማንን ነው የምታወራው?» አልኩት።

«ጓደኛህን ነዋ። ስማ፣ ይሄ የናንተ ቋንቋ ነው? ቤ-ቶች ማለት ምንድን ነው? ደጋግሞ እሱን ነው የሚለኝ።»

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ኦክላንድ ውስጥ ሀበሻ ሬስቶራንት ሄዶ አንዳንድ ቃል የለመደ ፈረንጅ አለ፣ አውቃለሁ፣ ሰላም ይላል፣ አመሰግናለሁ ይላል። ቤቶች ግን ሬስቶራንት ውስጥ አይለመድም። ቤቶች የሚባለው ደጅ ተቆሞ ነው።

«በሩን ክፈትልኝ ግሌን።»

«አልችልም። ማዕበሉ ጆሮው ሥር ሲጮህ ይሰማኛል፣ በባሕሩ በኩል ነው ያለው አይደል? እሱ ሳይገባ የደረጃውን በር ብከፍት የባሕሩ በር አይከፈትለትም፣ ውጭ ይቀራል፣ ይህንን እኔ አልነግርህም። ክፈትለትና ሁለታችሁም ውጡ።»

ምስማሩን አየሁ። ሁለት ቁጥር ሬዲዮ እንደተሰቀለ ነው። መዞሪያውን በጣቴ ነካሁት፣ ጠፍቷል።

ማዕበል ስትቆጥሩት ሥርዓት አለው፣ በዚያ ሰዓት በየአስራ ሦስት ሰከንዱ ነበር ድንጋዩ ላይ የሚሰበረው፣ ቆጥሬዋለሁ፣ ስፈራ እቆጥራለሁ። ስድስት ላይ ስደርስ ትንሿ በር ተንኳኳች። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ፣ አስቸገርኩ ይሆን እንደሚል ሰው። ከዚያ ማዕበሉ በሰዓቱ መጣ፣ ሄደ። እንደገና ቆጠርኩ። ስድስት ላይ ደግሞ ተንኳኳ። እንጨት ቢሆን፣ የባሕር አንበሳ ቢሆን፣ ማዕበሉ ሲመጣ ነው የሚገጨው እንጂ በመሐል አይደለም። ከበሩ ሥር ውሃ መግባት ጀምሮ ነበር፣ ጣት የማይሞላ፣ ቀጭን።

የአደጋ ጊዜ ዘንጉ ላይ እጄን አደረግሁ። ብገፋው ወጣሁ፣ ግን ብቻዬን እንደወረድኩ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ ከላቦራቶሪው እባረራለሁ፣ ዘንጉን ለቀቅሁት። ወደ ትንሿ በር ሄድኩ፣ መቀርቀሪያውን ያዝኩት። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ብረቱ ሲንኳኳ በመዳፌ ውስጥ ተሰማኝ፣ ከወዲያ በኩል ያለው ክንድ ያህል እንኳ አይርቅም። እኛ ቤት ደጅ ላይ ቤቶች ከተባለ ውስጥ ያለው ሰው ደጆች ይላል፣ እማዬ ድስት እያማሰለች እንኳ ሳታስበው ነው የሚወጣት፣ እና አፌ ተከፍቶ ነበር። በአራት ዓመቴ የተለየኝ ሰው ሊሆን ይችላል ብዬ አልነበረም፣ እመኑኝ፣ ዝም ማለቱ ነውር ስለሆነብኝ ነው። ግን አላልኩም። መቀርቀሪያውን ለቀቅሁትና ሬዲዮውን ተጫንኩ።

«ግሌን፣ ማንም የለም። ብቻዬን ነው የወረድኩት። ሁለቱም ስም የኔ ነው። ክፈትልኝ።»

ከዚያ የመጣው የሳምሪ ድምፅ ነው፣ መንገዱ ተከፍቶላት ደርሳለች። «ኤርሚ? ሰውዬው ማነው?» አለች፣ ወዲያው በሩ ዝዝዝ ብሎ ተከፈተ።

ሁለት ቁጥሩን ከምስማሩ ነጥቄ ወጣሁ። ዴስኩ ላይ ለእያንዳንዱ ሬዲዮ አንዳንድ ትንሽ መብራት አለ፣ ሲያወራ የሚበራ። ሬዲዮውን እንደጠፋ ግሌን ፊት ሳስቀምጥ የሁለት ቁጥሩ መብራት አረንጓዴ ነበር። ሦስታችንም አየነው። ከዚያ ጠፋ።

ግሌን ብዙ አልተናገረም። መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። «ልጄ፣ እኔም ባጃችሁን አላየሁም» አለ። «ሁለቱም ወጥተዋል ብለህ ፈርም፣ ሁላችንም ቤታችን እንግባ።»

መስመር አስራ አራት ላይ ፈረምኩ። አስራ አምስት ላይ እስክሪብቶውን አስጠጋሁት፣ ወጥቷል ብዬ ልፈርም ነው፣ አልቻልኩም። አልወጣማ።

ወደ መኪናዋ ስንሄድ ሳምሪን ምን ሰማሽ አልኳት።

«አንተ መስለኸኝ ነበር» አለች። «ያንተ ቮይስ ነው፣ ሊተራሊ። ግን ኦልድ። እንደ ትልቅ ሰው። ፕራንክ እያደረግህ ነው ብዬ ልሰድብህ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ቤቶች ቤቶች። ከዛ ደግሞ አንድ ነገር፣ ፋስት ነበር፣ አልገባኝም። ኤርሚ፣ ዶንት። አታስደግመኝ።» የመኪናዋን ሬዲዮ ከፍታ ሙዚቃ አደረገች፣ አውቶብስ ፌርማታው ላይ አወረደችኝ።

በማግስቱ ሄጄ ለዶና ሁሉንም ነገርኳት፣ ማለቴ ብቻዬን መውረዴን። ከላቦራቶሪው ታገድኩ፣ የአስራ ሁለተኛው ሳምንት ቁጥር ተሰረዘ፣ ምረቃዬ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ያ ተገቢ ነው፣ አልከራከርም። ዶና መስመር አስራ አምስት አጠገብ «ይህ ሰው አልነበረም» ብለህ ጻፍና ፈርምበት አለችኝ፣ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። እማዬ ፍርድ ቤት ባቆመቻቸው ሦስቱ ላይ አራተኛ ምስክር ሆንኩ። ባሕሩ ሲሸሽ ሰዎች ድንጋዩን አይተውታል፣ ምንም የለም። ሬዲዮውን በተመለከተ፣ በዚያ አካባቢ የሚያልፍ ሀበሻ ሹፌር በዚያው መስመር ገብቶ ሊሆን እንደሚችል አስቤያለሁ፣ ይህን ፈጽሞ አይሆንም ማለት አልችልም። መብራቱንና ወረቀቱ ላይ ያለችውን የተዘጋች አራት ግን የትም ላደርጋቸው አልቻልኩም።

እማዬ ምረቃው ለምን ቀረ ስትለኝ ልዋሻት ፈልጌ አልሆነልኝም፣ ነገርኳት። ትገሥጻለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት፣ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር ወዲያው በኢየሱስ ስም የምትል ሴት ናት፣ እኔም ለዚያ ተዘጋጅቼ አንገቴን ደፍቼ ነበር። የታጠበውን ልብስ እያጠፈች ጨርሳ ሰማችኝ።

«ቤቶች አለህ?» አለችኝ።

«እኔን አይደለም፣ ግሌንን።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምን ልበል እማዬ? ማንም የለም እኮ።»

ሸሚዜን አጥፋ ፈታችው፣ መልሳ አጠፈችው። «ሰው ደጅ ቆሞ ዝም ይባላል?» አለች፣ እንደ ልጅነቴ ጊዜ፣ እንግዳ ፊት ስባልግ እንደምትቆጣኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ውሃው ቀዝቃዛ ነው?» አለችኝ።

«አስራ ሁለት ነጥብ አራት» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ፣ የማውቀው እሱን ነው።

በዚያው ሳምንት ሥራ ቦታዋ ሄዳ ሐሙሷን አስቀየረች። ልጄ የሚማርበትን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም፣ ባሕሩን ልየው፣ አብሬህ በአውቶብስ ልሂድ ትለኛለች። የመጀመሪያውን ሐሙስ ፈተና አለኝ አልኳት፣ ሁለተኛውን አመመኝ ብዬ ተኛሁ፣ ሦስተኛውን ሳትነቃ ወጣሁ፣ ስመለስ ልብሷን ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ከላቦራቶሪው ቢያግዱኝም ደረጃው ለሁሉም ክፍት ነው፣ እስከ ብረቱ በር ድረስ ማንም ሰው መውረድ ይችላል።

ዛሬ ረቡዕ ነው። ቅድም ወጥ ቤት ውስጥ ባሕሩ ነገ ስንት ሰዓት ነው የሚሸሸው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። አውቀዋለሁ። ይህን ስጽፍ በግድግዳው ማዶ አልጋዋ አይንቀጫቀጭም፣ አልተኛችም፣ ከወገቧ ቀና ብላ የተቀመጠች ይመስለኛል።